ብራናው ኮምፒውተር ገባ፤ አንባቢውስ?

ከእንጦጦ ማርያም ተነሥቶ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ ስድስት ኪሎ የሚወርድ ሰው በአንድ ጎዳና ሁለት ዓይነት የመጻሕፍት ቤት ያገኛል። ከላይ ብራናቸውን በዕቃ ቤት የሚጠብቁ አድባራት አሉ፤ ከታች፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ። ባለፉት ሃምሳ ዓመታት ደግሞ የብዙ ብራናዎች ምስል መጀመሪያ ወደ ፊልም፣ ኋላም ወደ ኮምፒውተር ገብቷል። ስለዚህ ሥራ፣ ሥራውን ስለያዙት ምሁራንና ስለ ልጆቻቸው ጉለሌ ውስጥ ወሬ ሲነሣ የሚደጋገሙ አባባሎች አሉ። አምስቱን ከእውነታው ጋር እናስተያያቸው። ዓመታቱ፣ ከአዋጁ ቁጥር በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. «ብራናው ፎቶ ከተነሣ ዳነ»

እውነታው፦ ፎቶ ማንሣቱ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው። በ1973 አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት ሥራውን ጀመረ። መንበረ ፓትርያርኩ፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም የብራና ቤተ መጻሕፍትና የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ተባብረው ከ9,000 የሚበልጡ ብራናዎችን በፊልም ቀዱ። የታተሙት 10 የካታሎግ ቅጾች ግን የሚደርሱት እስከ 5,000ኛው ቁጥር ድረስ ብቻ ነው። ካሜራው በአንድ ቀን የሚጨርሰው መጽሐፍ ምን እንደያዘ፣ ማን እንዳስጻፈው፣ በየትኛው ንጉሥ ዘመን እንደተጻፈ ለመለየት ሊቅ ተቀምጦ ቅጠል በቅጠል ማንበብ አለበት። እስከዚያ ድረስ ምስሉ አለ ይባላል እንጂ ፈልጎ የሚያገኘው የለም።

የፊልሙም ነገር ቢሆን ጣጣ አለበት። ማይክሮፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነበር። ብራና ጸሐፊ ደግሞ ቅዱሳት ስሞችንና የክፍል መግቢያዎችን በቀይ ቀለም ይጽፋል፤ በፊልሙ ላይ ቀዩን ከጥቁሩ መለየት ዓይን ይፈትናል። ባዶ በተተዉ ቅጠሎች ላይም ብዙ ጊዜ የርስት ስጦታ፣ ውል ወይም የመጽሐፉ ባለቤት ስም ይገኛል። «ዋናው ጽሑፍ ይበቃል» ብሎ እነዚህን የሚዘል ካሜራ የአካባቢውን ታሪክ ጥሎ ሄደ ማለት ነው። ለዚህ ነው ዛሬ በጥንቃቄ የሚሠሩ ሰዎች ከሽፋኑ ጀምረው ባዶውን ቅጠል ሳይቀር በቀለም የሚያነሡት፤ አጠገቡም ማስመሪያና የቀለም ማነጻጸሪያ የሚያስቀምጡት።

2. «ግእዙን ኮምፒውተሩ ራሱ ያነበዋል»

እውነታው፦ የእጅ ጽሑፍ የሚለዩ ፕሮግራሞች ለግእዝም ተሞክረዋል። ነገር ግን ፕሮግራሙ አንድ መስመር ከማንበቡ በፊት ግእዝ የሚያውቅ ሰው ብዙ ገጾችን በእጁ ገልብጦ ከምስሉ ጋር ማዛመድ ይኖርበታል። ማሽኑ የሚማረው ከዚያ ነው። ሲስትም የሚያርመው ያው ሰው ነው፤ ግእዝ የማያውቅ ሰው ስሕተቱን እንኳ አያየውም።

ፊደላችን ራሱ በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ሥርዓት ቦታ ያገኘው በ1999፣ ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ለፊደላቱ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለነበር በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የምልክት ክምር ይሆን ነበር። ዩኒኮድ ያንን ችግር ፈታ፤ የሞክሼ ፊደላትን ጉዳይ ግን ለእኛው ተወው። ለማሽኑ «ሠ» እና «ሰ» ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፤ «ሥላሴ» ብሎ የሚፈልግ ሰው «ስላሴ» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም። ታዲያ ሞክሼዎቹን አንድ እናድርጋቸው ቢባል ለዘመኑ አማርኛ ይጠቅም ይሆናል፤ በግእዝ ግን «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣች ሲባል፣ «ሰረቀ» ሌባ ወሰደ ሲባል ነው። የት ማመሳሰል፣ የት መለየት እንደሚገባ የሚቆርጠው መምህር ነው፤ ፕሮግራሙ የሚከተለው እሱ የቆረጠውን ነው።

3. «ይህ የፈረንጅ ሥራ ነው»

እውነታው፦ ገንዘቡና ማስቀመጫው በአብዛኛው ከውጭ መምጣቱ እውነት ነው። የሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ በ2016 «ቤተ መጻሕፍት» ብሎ የጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ብራናዎች ፕሮጀክት የ25 ዓመት ዕቅድ ተይዞለታል። ዕውቀቱ ግን ከየት መጣ? የማይክሮፊልሙን ሥራ አዲስ አበባ ላይ ከመሩት አንዱ የታሪክ ምሁሩ ሥርግው ሀብለ ሥላሴ ናቸው። ከካታሎጉ ቅጾች የሚበዙትን ያዘጋጁት ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ፊደላችንን ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት ቀድመው ከደከሙት አንዱ ፍስሐ አጥላው ናቸው። ከሁሉም በፊት ደግሞ ቁልፉን የያዘው የዕቃ ቤት ጠባቂ አለ፤ እሱ ካልፈቀደ ካሜራው ከደጀ ሰላም አያልፍም።

4. «ምሁርነትና ልጅ ማሳደግ አይጣጣሙም»

እውነታው፦ በስድስት ኪሎ ግቢ ያለፉ የሁለት ቤተሰቦች ታሪክ ሌላ ይናገራል። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1956 መጥተው በዩኒቨርሲቲው ያስተማሩ፣ በ1963 የተመሠረተው የጥናት ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር የሆኑ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ሪታ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነበሩ። ሁለቱም በሥራ ላይ እያሉ አሉላንና ሄለንን አዲስ አበባ ላይ ወለዱ። ሄለን በ1992 የመንዝ ሴቶችን ኑሮ ያጠና መጽሐፍ አሳተሙ። አንትሮፖሎጂስቱ አሉላም በኢትዮጵያ 3,000 ያህል ልጆችን ለዓመታት እየተከታተለ ያጠና በነበረው «ያንግ ላይቭስ» በተባለ ምርምር ውስጥ በኃላፊነት ሠርተዋል።

ሁለተኛው ቤተሰብ የጌታቸው ኃይሌ ነው። በ1975 በደርግ ወታደሮች ጥይት ተመትተው ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸውን በተሽከርካሪ ወንበር አሳለፉ። ቤተሰቡ ተሰደደ፤ እሳቸውም ሚኒሶታ ላይ፣ ከአዲስ አበባ የተላከውን ፊልም እያነበቡ በ1988 የማክአርተርን ሽልማት እስከማግኘት ደረሱ። በ2021 አረፉ። አዲስ አበባ የተወለዱት ልጃቸው ሶስና ኃይሌ በነዳጅ ሴል ምርምር የታወቁ ፕሮፌሰር ሆኑ። ሌላዋ ልጃቸው ርብቃ ኃይሌ የሕግ ባለሙያ ሆነው ወደ አገር ቤት ስለ መመለሳቸው በ2007 መጽሐፍ አሳተሙ፤ በ2020 ደብረ ብርሃን ላይ የተከፈተውን የኃይሌ-ማናስ አካዳሚን ከመሠረቱትም አንዷ ናቸው።

ይሁን እንጂ አባባሉን ሙሉ በሙሉ ሐሰት ነው ማለትም አይቻልም። አንድ ገጽ ግእዝ ለማረም ያልተቋረጠ ሰዓት ያስፈልጋል፤ ጨቅላ ያለበት ቤት የሚያጣው ደግሞ እሱኑ ነው። ያ ሰዓት ከየት ይምጣ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ከእናትየው ይቀነሳል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ ለአባት 3 ቀን። ሕጉ ራሱ ልጁን ማን እንዲይዘው እንደሚጠብቅ ከዚህ ይታያል። ስለዚህ የማይጣጣመው ምሁርነትና ልጅ አይደለም፤ የአንድ ሰው ትከሻና የሁለት ሰው ሸክም ነው። አያት፣ አክስት፣ ጎረቤት፣ በመሥሪያ ቤት የሚከፈት የሕፃናት ማቆያ፣ ከሁሉም በላይ ተራውን የሚይዝ አባት ሲኖር ሥራውም ልጁም ያድጋሉ።

5. «ታብሌት የያዘ ልጅ ፊደሉን ራሱ ይለቅማል»

እውነታው፦ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት ስክሪን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስም እንደሚሻል ይናገራል። ስክሪን ሁሉ ጠላት ነው ማለት ግን አይደለም። የቀድሞዋ መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር በ2005 ባቋቋሙት ድርጅት የተዘጋጀው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘው የአማርኛ የልጆች ፕሮግራም ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። እንዲህ ያለውን ፕሮግራም አብሮ አይቶ «አሁን ምን አለች?» ብሎ የሚጠይቅ ትልቅ ሰው ሲኖር ልጁ ያየውን በራሱ አፍ መልሶ ይናገራል። ብቻውን የሚያይ ልጅ ግን የሚመልስለት ቀርቶ የሚሰማውም የለም። የኔታ ፊደል ሲያስቆጥሩም ልጁ በስንጥር የነካውን ፊደል ድምፅ አውጥቶ እንዲጠራ የሚያደርጉት፣ ሲስት በቦታው ለማረም ነው።

ታዲያ ከየት ይጀመር?

ከቤት ይቻላል። በቀጨኔም ሆነ በአዲሱ ገበያ ብዙ ቤት ውስጥ የቆየ ደብዳቤ፣ የዕቁብና የዕድር መዝገብ፣ የፍርድ ቤት ወረቀት በሣጥን ተቀምጧል። መጀመሪያ ባለቤቱን አስፈቅዱ። በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ የፊቱንም የጀርባውንም ገጽ አንሡ። ማን ለማን፣ መቼ፣ የት እንደጻፈው ከምስሉ ጋር መዝግቡ። ሁለት ቅጂ አድርጉ፤ አንዱ ከስልካችሁ ውጭ ይቀመጥ። ከዚያ ልጁ ጮክ ብሎ ያንብበው፤ የማያውቀው ቃል ሲገጥመው አያቱን ይጠይቅ፣ የሰጡትንም መልስ ከደብዳቤው ጋር ይጻፍ።