ስፒከር የሚመረጠው በዓይን ነው ወይስ በጆሮ?

ከቦንጋ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ሺሺንዳም ሆነ በሌላ ከተማ፣ አንድ አጥቢያ በምእመናን መባ ስፒከር ሊገዛ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው መልኩ ነው። ዛሬ በስልካችን የምናያቸው አንዳንድ ውድ ስፒከሮች ቀንድ አውጣ ወይም ጥሩንባ ይመስላሉ። አንዱ አይቶ ይደነቃል፣ ሌላው “ይህማ መጫወቻ ነው” ብሎ ይንቃል። ሁለቱም የፈረዱት ሳይሰሙ ነው።

በእርግጥ እንግዳ ቅርጽ ሁሉ ለታይታ የተሠራ አይደለም። ስፒከር ወደ ፊት ድምፅ ሲልክ ወደ ኋላም ይልካል። የኋላው ድምፅ በሣጥኑ ውስጥ ተጋጭቶ ሲመለስ የፊተኛውን ያደፈርሰዋል። የእንግሊዙ ቦወርስ ኤንድ ዊልኪንስ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው ናውቲለስ ቀንድ አውጣ የመሰለው በዚህ ምክንያት ነው። ከእያንዳንዱ ድምፅ ሰጪ ጀርባ እየጠበበ የሚሄድ ቱቦ አለው፤ የኋላው ድምፅ እዚያ ውስጥ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣው የኳድ ስፒከር ደግሞ የቤት ማሞቂያ ይመስላል። ሣጥን የለውም፤ ድምፁን የሚያወጣው በኤሌክትሪክ ኃይል የሚርገበገብ ስስ ፕላስቲክ ነው።

ነገር ግን ለቅርጹ ምክንያት አለው ማለት ድምፁ ለእኛ ይሆናል ማለት አይደለም። እነዚህ ሁለቱ ለሳሎን የተሠሩ ናቸው እንጂ ለጉባኤ አዳራሽ አይደሉም።

ዓይን ጆሮን እንዴት እንደሚያታልል የሚያሳይ አንድ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ የተባሉ ተመራማሪዎች 40 የሐርማን ኩባንያ ሠራተኞችን አራት ስፒከሮች አሰሙ፤ አንድ ጊዜ እያዩ፣ ሌላ ጊዜ ተጋርዶባቸው። እያዩ ሲሰሙ ትልልቆቹንና ውዶቹን አስበለጡ፤ ትንሹንና ርካሹን አሳነሱ። ሳያዩ ሲሰሙ ግን ልዩነቱ ጠበበ። ጆሮአቸው ያው ነበር።

ይህ ለቡና አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ቡና ቀማሽ በከረጢቱ ውበት አይፈርድም፤ ሲኒዎቹን አሰልፎ፣ መጠናቸውን እኩል አድርጎ ይቀምሳል። እናንተም በስፒከር ላይ እንዲሁ አድርጉ።

አንደኛ፣ ስፒከሮቹን በመጋረጃ ጋርዱ፤ ዋጋቸውንም ለሚያዳምጡት አትንገሩ።

ሁለተኛ፣ የድምፃቸውን መጠን እኩል አድርጉ። በጥቂቱ እንኳ ከፍ ያለው ለጆሮ የተሻለ ይመስላል። በአንድ ስልክ፣ ከአንድ ቦታ ሆናችሁ ብትለኩ ይበቃል።

ሦስተኛ፣ ከኪቦርድና ከከበሮ በፊት የምታውቁትን ሰው ድምፅ አሰሙ። በቋንቋችን “መጣ” እና “መታ”፣ “ድል” እና “ጥል” የሚለዩት በአንዲት አጭር ድምፅ ብቻ ነው። አንባቢው እንዲህ ያሉ ቃላትን እያቀያየረ ይጥራ፤ አዳማጮች የሰሙትን ይጻፉ። ቃሉን የሚያደበላልቅ ስፒከር፣ ጉልበቱ አዳራሹን ቢያናውጥም ለስብከት አይሆንም።

አራተኛ፣ ከመግዛታችሁ በፊት በራሳችሁ አዳራሽ ሞክሩት። በሱቅ ያማረ ድምፅ በቆርቆሮ ጣሪያና በባዶ ግድግዳ መካከል ሊያስተጋባ ይችላል። ከፊት ወንበር ብቻ ሳይሆን ከኋላና ከዳርም ተቀምጣችሁ ስሙ። ከፋ ዝናብ የሚበዛበት አገር ስለሆነ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታም አዳምጡት።

ነቢዩ ሳሙኤል በእሴይ ቤት ቁመና አይቶ ሊመርጥ ሲል መታረሙን እናስታውሳለን። ይህም ግዢ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ከሚከፈለው ብር ውስጥ ቡና ለቅማ የምታድር እናት መባ አለበት። እርሷ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ቃሉን ሳይደናገራት ከሰማች፣ ስፒከሩ ምንም ይምሰል ምን፣ ጥሩ ስፒከር ነው።

ጌታ ይባርካችሁ።