ጣት ዱባ አያመክንም፦ ስለ ጓሮ ዱባ የሚነገረው ተረትና እውነታው

ልጅ ሳለሁ ከቤታችን ጀርባ፣ ከፍግ ክምሩ ጥግ፣ በየዓመቱ ዱባ ይበቅል ነበር። ሐረጉ ተስቦ ተስቦ አጥሩን ይሻገርና በቆሎው መሀል ይገባል። ከቅጠሉ ሥር አዲስ የያዘ ለጋ ፍሬ ያየ ልጅ ደስ ብሎት ጣቱን ሲቀስር አያቴ ከጓዳ ትጮኻለች፦ «ጣትህን ሰብስብ! ልታመክነው ነው?» ስለዚህ ዱባ የምናሳየው በአገጫችን ነበር። እንዲያም ሆኖ ሳምንት ሳይሞላ ከለጋዎቹ ገሚሱ ቢጫ ይሆናሉ፤ ጫፋቸው ላሽቆ ይወድቃሉ። ያን ጊዜ ምርመራው ይጀመራል። ማን ጠቆመ? ማን ቆጠረ? የማን ዓይን አረፈበት? አንድ ዓመት ጥፋቱ ወደ እኔ ዞረ፤ አልጠቆምኩም ብዬ ያለቀስኩትን እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

ዛሬ በራሴ ጓሮ ዱባና ዝኩኒ እተክላለሁ፤ ለጋዎቹም አሁንም ይረግፋሉ። ልዩነቱ ለምን እንደሚረግፉ ማወቄ ነው። ይህን የምጽፈው ጓሮ ያላቸው ብዙ ሰዎች «ዱባ እኔ ጋ አይሆንልኝም» ብለው ሲተዉት ስለማይና ስለሚቆጨኝ ነው። ዱባ ሰው የሚመርጥ ተክል አይደለም፤ የሚፈልገውን ካገኘ ለማንም ያፈራል።

«በጣት የተጠቆመ ዱባ ይመክናል»

አይመክንም። የሚመክነው ንብ ያልጎበኘው ነው።

ዱባ በአንድ ሐረግ ላይ ሁለት ዓይነት አበባ ያወጣል። ወንዴው አበባ በቀጭንና ረጅም ዘንግ ላይ ይቆማል፤ ከሥሩ ምንም የለውም። ሴቴዋ አበባ ግን ገና እምቡጥ ሳለች ከሥሯ ትንሽዬ ዱባ ይዛ ትወጣለች። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ያቺን ትንሽ ዱባ ስናይ «ያዘ» እንላለን፤ እውነቱን ለመናገር ግን ገና አልያዘም። ያየነው ማኅፀኑን ነው። የወንዴው ብናኝ ወደ ሴቴዋ አበባ ካልደረሰ በቀር ያቺ ትንሽ ዱባ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቢጫ ሆና ትሟሽሻለች። ማንም ቢጠቁማት፣ ማንም ባይጠቁማት።

የዱባ ብናኝ ደግሞ ከባድና ተጣባቂ ስለሆነ እንደ በቆሎ ብናኝ ነፋስ አያደርሰውም። የግድ ንብ ወይም ሌላ ነፍሳት ሊሸከመው ይገባል። ጊዜውም አጭር ነው፦ አበባው ንጋት ላይ ይከፈታል፤ ከረፋዱ 4 ወይም 5 ሰዓት ገደማ ይጨማደዳል፤ ከዚያ በኋላ ያ አበባ ዳግመኛ አይከፈትም። ሴቴዋ አበባ በዕድሜዋ ያላት ያቺ አንዲት ጠዋት ናት። ንብ መጥታ ጥቂት ብናኝ ብቻ ትታ ከሄደች እንኳ ፍሬው ይይዝና አንድ ጎኑ ያበጠ፣ ሌላው የሰለለ ጎባጣ ይሆናል።

አሁን የአገራችንን ክረምት አስቡት። በሰኔ መግቢያ የተዘራ ዱባ የሚያብበው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ጠዋቱ ጭጋግ ነው፤ ብርድ ነው፤ ብዙ ጊዜም ዝናብ ነው። ንብ በእንዲህ ያለ ጠዋት ከቀፎዋ አትወጣም። ሰማዩ ገለጥ ብሎ ንቦቹ ሲወጡ የዱባው አበባ ተዘግቷል። የአያቴ ለጋ ዱባዎች የረገፉት በዚህ ነው። ሰማዩ መስከረም ላይ ሲጠራ የያዙት ግን ሳይረግፉ ሲቀሩ «ዓይን ለቀቀው» ይባል ነበር።

አንድ ሌላ ምክንያትም አለ። ተክሉ ራሱ ይመጥናል። አንድ ሐረግ የሚችለውን ያህል ፍሬ ከያዘ በኋላ አዳዲሶቹን ይጥላል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ተክሉ ልጆቹን በአቅሙ ማሳደጉ ነው።

ከጣት ተረት የሚብሰው በወር አበባ ላይ ያለች ሴት በዱባ መሀል ካለፈች ፍሬው ይረግፋል የሚለው ነው። ይህን ስሰማ ነው ያደግሁት። ጓሮውን የምትኮተኩተው፣ ፍጉን የምትሸከመው፣ ውኃውን የምታጠጣው እሷ ሆና ሳለ፣ ንብ ባልመጣ ቁጥር ጥፋተኛ የምትሆነውም እሷ ነበረች። አንዳች የእውነት ፍንጣሪ የለበትም፤ ለልጆቻችን ልናወርሰውም አይገባም።

እንዲያውም ጣት ዱባን ያድናል። ንብ በማይወጣበት ጠዋት ከ12 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ወደ ጓሮ ውጡ። የተከፈተ ወንዴ አበባ ከነዘንጉ ቁረጡ፤ ቢጫ ቅጠሎቹን ገንጥላችሁ ጣሉ፤ መሀል ላይ የሚቀረውን ብናኝ የተሸከመ እንጨት በጣታችሁ መካከል ያዙ። ከዚያ ወደ ተከፈተችው ሴቴ አበባ ሄዳችሁ መሀሏ ላይ ያለውን በክፍል በክፍል የተከፋፈለ ተጣባቂ ጉብታ ዙሪያውን በቀስታ አብሱት። አንድ ወንዴ አበባ ለሁለት ሴቴ ይበቃል። ሥራው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ከሳምንት በኋላ ዱባዋ ስታብጥ፣ አንገቷም ወደ ታች ዘንበል ሲል ታያላችሁ። እኔ በዝናባማ ሐምሌ በዚህ መንገድ ያዳንኳቸውን ዱባዎች ለጎረቤት አድያለሁ።

«ባዶ አበባ ጉልበት ይበላል፤ ቀንጥሰህ ጣለው»

ይህ ምክር ከጎረቤት ወደ ጎረቤት የሚተላለፍ ሲሆን ጉዳቱ ትልቅ ነው። ወንዴ አበባዎች ከሴቴዎቹ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ቀድመው ይወጣሉ፤ ቁጥራቸውም ከሴቴዎቹ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ባለ ጓሮው በየቀኑ አበባ ያያል፤ ፍሬ አያይም። «መካን ነው» ይላል። አንዳንዱ ሐረጉን ነቅሎ ይጥላል፤ አንዳንዱ አበባውን ይለቅማል። ወንዴዎቹ ቀድመው መውጣታቸው ግን ንቦችን ከወዲሁ ወደ ጓሮው ለማስለመድ ይረዳል፤ ሴቴዋ ስትከፈት መንገዱን የሚያውቅ ንብ ይኖራል ማለት ነው። ትዕግሥት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። በጣም ከበዙባችሁ ጥቂቱን ለቅማችሁ ከሽንኩርት ጋር አቁላሉት፤ ይበላል። ለየጠዋቱ የሚበቃ ወንዴ ግን ይቅር።

ከዚሁ ጋር አንድ ልመና አለኝ። ጸረ ተባይ የምትረጩ ከሆነ ጠዋት አትርጩ። አበባው በተከፈተበት ሰዓት የተረጨ መድኃኒት ተባዩን ብቻ አይገድልም፤ ዱባችሁን ፍሬ የምታስይዘውን ንብም ይገድላል። መርጨት ግድ ከሆነ አበባ ተዘግቶ ንብ ወደ ቤቷ ስትገባ፣ አመሻሽ ላይ ይሁን።

«ቅጠሉ ላይ የሚወጣው ነጭ ነገር ዝናብ ያመጣው ነው»

በቅጠሉ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ የሚመስለው በሽታ የፈንገስ በሽታ ነው። ብዙዎቹ ፈንገሶች ለመብቀል እርጥብ ቅጠል ይፈልጋሉ፤ ይህኛው ግን አይፈልግም። በደረቅ ቅጠል ላይም ይበቅላል። ለዚህ ነው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ቀኑ ደረቅ ሌሊቱ ጤዛማ ሲሆን የሚበረታው። ጥላ የበዛበትና ቅጠል በቅጠል ላይ የተደራረበበት ጓሮ ለእሱ ምቹ ነው። በአንድ ጉድጓድ አምስት ስድስት ዘር ጨምረን ሁሉንም ስናሳድግ የምናመቻችለትም ያንኑ ነው። በጉድጓድ አንድ ወይም ሁለት ጠንካራ ችግኝ ብቻ ማስቀረት፣ ለሚሳበው ዱባ በጉድጓዶች መካከል 2 ሜትር ያህል፣ ለዝኩኒ ወደ 1 ሜትር መተው ከማንኛውም መድኃኒት ይቀድማል።

ግን አስቀድማችሁ በሽታ መሆኑን አረጋግጡ። ዝኩኒና አንዳንድ የዱባ ዓይነቶች በቅጠላቸው ጅማቶች መሀል ብርማ ምልክት ይዘው ነው የሚፈጠሩት። በጣታችሁ እሹት። በሽታው ከሆነ ዱቄቱ ጣታችሁ ላይ ይቀራል፤ የተፈጥሮ ቀለሙ ከሆነ አይለቅም። ጤነኛ ዝኩኒ «ታሟል» ተብሎ ሲነቀል አይቻለሁ፤ ያሳዝናል።

ስለዚህ በሽታ ከሚነገሩት መሀል ተረት ይመስለኝ የነበረ አንድ ነገር ደግሞ እውነት ሆኖ አገኘሁት። «ወተት ይረጭበት» የሚሉ ሰዎች አሉ። ብራዚላዊው ተመራማሪ ዋግነር ቤቲዮል እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጥናት የላም ወተትን በውኃ አቅጥኖ በዝኩኒ ላይ ሞክሮ ነበር፤ ከመቶ 10 እጅና ከዚያ በላይ ወተት ያለበት ውሁድ በሽታውን ለመቆጣጠር ከተለመዱት የፈንገስ መድኃኒቶች ጋር የሚወዳደር ሆኖ ተገኘ። አንድ ብርጭቆ ወተት ከዘጠኝ ብርጭቆ ውኃ ጋር ማለት ነው። በሽታው እንደጀመረ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ። ቅጠሉን ሁሉ ካለበሰ በኋላ ግን ወተትም አያድነውም።

ውኃ፣ ፍግና ዩሪያ

ቀትር ላይ የዱባ ቅጠል ጠውልጎ ሲንጠለጠል ውኃ ይዞ የማይሮጥ የለም። ሰፊ ቅጠል በጠራራ ፀሐይ ሥሩ ከሚያቀብለው ፈጥኖ ውኃ ያጣል፤ አመሻሽ ላይ ራሱ ይቃናል። ጠዋትም ጠውልጎ ካገኛችሁት ያን ጊዜ በእውነት ጠምቶታል። ስታጠጡ ደግሞ ሥሩን እንጂ ቅጠሉን አታርሱ።

«ዱባ ፍግ ይወዳል» የሚለው እውነት ነው፤ ገደብ አለው እንጂ። ያልበሰለ ትኩስ ፍግ ሥሩን ያቃጥላል። ዩሪያ የበዛበት ዱባ ደግሞ እንደ ጃንጥላ የሰፋ ቅጠል ያወጣል፤ ፍሬው ላይ ግን ይሰስታል። በሚገባ የበሰለ ብስባሽ ወይም ያረጀ ፍግ፣ በየጉድጓዱ ሁለት ሦስት አካፋ፣ ይበቃዋል።

«ዱባ የጥንት የአገራችን ተክል ነው»

ይህ ተረት ጉዳት ባያስከትልም እውነቱ ደስ ስለሚል እነግራችኋለሁ። የአገራችን የአፍሪካ ልጅ ቅል ነው። ዱባ የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ነው፤ በደቡብ ሜክሲኮ ኦአሃካ አካባቢ፣ ጊላ ናኪትዝ በተባለ ዋሻ ውስጥ የተገኙት ሰው ያላመዳቸው የዱባ ዘሮች 10,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ናቸው። ወደ እኛ የደረሰው ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ውቅያኖሱን ካቋረጠ በኋላ ነው። ዱባና ቅል አበቃቀላቸው ለየቅል ያሉት አበው ትክክል ነበሩ፤ ዘመዳሞች ቢሆኑም በአንድ አጥር ላይ ተሳስበው ቢያድጉ እንኳ አይዳቀሉም። በዚያው በአሜሪካ አህጉር ገበሬዎች ማሳ ዱባ ከበቆሎና ከባቄላ ዘመዶች ጋር አብሮ ይዘራ ነበር፤ ሰፊው ቅጠሉ መሬቱን ሸፍኖ አረም ያፍናል፤ እርጥበት ያቆያል። እናቶቻችን በበቆሎ መሀል ዱባ ሲጥሉ ያንኑ ጥበብ እየሠሩ ነው።

«በተለቀ ቁጥር ይጣፍጣል»

ለዝኩኒ ፈጽሞ አይሠራም። ዝኩኒ የሚለቀመው በለጋነቱ፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ነው። ሲገዝፍ ቆዳው ይጠነክራል፤ ውስጡ ቃጫ ይበዛበታል፤ ተክሉም ዘር ማብሰሉን ስለሚይዝ አዲስ ማፍራቱን ይተዋል። በየሁለት ቀኑ ልቀሙ። ለወጥ የሚሆነው ዱባ ግን ጊዜውን ይፈልጋል። መድረሱን የሚነግራችሁ መጠኑ ሳይሆን ጥፍራችሁ ነው፦ ስትጫኑት ቆዳው ካልተበሳ፣ ከሐረጉ ጋር የሚያያዘው አንገቱም ደርቆ እንጨት ከመሰለ ደርሷል። አንገቱን ጥቂት ጣት ያህል አስቀርታችሁ በቢላ ቁረጡ፤ በአንገቱ አንጠልጥላችሁ አትሸከሙት። አሥር ቀን ያህል ፀሐይና አየር ባለበት ደረቅ ቦታ ካረፈ ቆዳው ይጠነክርና ለወራት ይቀመጣል። በደጋ የምትኖሩ የኅዳር ውርጭ ሳይቀድማችሁ አስገቡት።

«መራራ ዘመድ አጠገቡ ስለተተከለ መረረ»

ይህን ለመጨረሻ ያቆየሁት ከሁሉም የሚያሳስበኝ ስለሆነ ነው። ዘንድሮ የምትበሉት ፍሬ ሥጋው የእናት ተክሉ ነው፤ የማንም ብናኝ ቢመጣ ጣዕሙን አይለውጠውም። የምድር እምቧይም ቢሆን መራራ ዘመድ ነው እንጂ ከዱባ ጋር አይዳቀልም። ብናኙ የሚለውጠው ዘሩን ነው። ስለዚህ አደጋው ያለው ከጓሮ ፍሬ ራሳችን አስቀርተን በሚቀጥለው ዓመት የምንዘራው ዘር ውስጥ ነው። በተለይ ዝኩኒ ለጌጥ ብቻ ከሚተከሉት መራራ ትንንሽ ዱባዎች ጋር አንድ ዝርያ ስለሆነ በቀላሉ ይዳቀላል። በአውሮፓና በአሜሪካ የምትኖሩ ወገኖች ጎረቤቶቻችሁ የጌጥ ዱባ የሚተክሉ ከሆነ የዝኩኒ ዘር ከጓሯችሁ አታስቀሩ፤ ግዙ። ከብስባሽ ክምር ላይ ራሱ የበቀለን ዝኩኒም አትመኑ።

ምሬቱ የሚመጣው ኩኩርቢታሲን ከሚባሉ መርዛማ ንጥረ ነገሮች ነው። መቀቀል አያጠፋቸውም፤ በርበሬና ቅመም ጣዕሙን ቢሸፍንም መርዙን አይቀንስም። እ.ኤ.አ. በ2015 በጀርመን አንድ አዛውንት በጓሮ የበቀለ መራራ ዝኩኒ በልተው ሞተዋል። ስለዚህ ዱባም ሆነ ዝኩኒ ከመሥራታችሁ በፊት ጥሬውን ቅንጣት ታህል በምላሳችሁ ጫፍ ቅመሱ። ከመረረ ትፉት፤ ሙሉውን ጣሉት፤ ዘሩንም አታስቀሩ። የበላ ሰው ካስመለሰውና ካስቀመጠው ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ውሰዱት።