በግቢ ሥር የተቀበረው ማጣሪያ

በጃፓን ገጠር፣ ቤቶቹ በሩዝ ማሳ ዳርና በተራራ ግርጌ ተራርቀው በተሠሩበት ስፍራ፣ ቧንቧ ከደጅ ደጅ ዘርግቶ የመንደሩን ፍሳሽ ወደ አንድ ታላቅ ማጣሪያ መውሰድ ወጪው እጅግ የከበደ ስለ ሆነ፣ «ጆካሶ» የሚባል ትንሽ ማጣሪያ በየቤቱ ግቢ ይቀበራል። ከላይ ለሚያየው ከክብ ክዳኖችና ቀንም ሌሊትም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከሚሠራ የአየር መንፊያ በቀር ምንም የለውም፤ ዳሩ ግን በከተማ ሰፊ ሜዳ የሚፈልገው ሥራ በዚያ ክዳን ሥር ይፈጸማል።

ከመጸዳጃ፣ ከወጥ ቤትና ከመታጠቢያ የሚወርደው ውሃ፣ ለአንድ ሰው በቀን 200 ሊትር ገደማ የሚገመተው፣ አስቀድሞ አየር ወደሌለበት ክፍል ይገባል። በዚያ ከባዱ እድፍ ይዘቅጣል፤ ያለ አየር መኖር የሚችሉ ረቂቃን ተሕዋስያንም ይበታትኑታል። ቀጥሎ መንፊያው አየር ወደሚነፋበት ክፍል ሲያልፍ፣ በፕላስቲክ ሙሊት ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ሌሎች ተሕዋስያን የቀረውን ይመገቡታል፤ በመጨረሻም ውሃው ረግቶና በክሎሪን እንክብል ታክሞ ወደ ቦይ ይወጣል።

በላቀው ዓይነት ግን ሌላ ድንቅ ሥራ ይጨመራል። በአየሩ ክፍል አሞኒያው ናይትሬት ከሆነ በኋላ፣ ከዚህ ውሃ ከፊሉ ወደ መጀመሪያው ክፍል ተመልሶ ይገባል፤ በዚያ የሚኖሩት ተሕዋስያንም አየር ቢያጡ ከናይትሬቱ ኦክሲጅኑን ወስደው ይተነፍሱበታል፣ ናይትሮጅኑም ከውሃው ተለይቶ ወደ አየር ያርጋል። ይህ የሊቃውንት ቅንጦት አይደለም፤ እንደ ካሱሚጋውራ ያለ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ሲበዛበት አረንጓዴ አልጌ ይለብሳልና፣ ዓሣውም ውሃውን የሚጠጣውም ሰው ይጎዳል።

ቀድሞ በብዙ ቤት የተተከለው ጆካሶ የመጸዳጃውን ውሃ ብቻ የሚቀበል ነበር፤ ጉድለቱም በቀላል ሂሳብ ይታያል። የእድፍ ብዛት፣ ተሕዋስያኑ እርሱን ለማጥፋት በሚፈጁት ኦክሲጅን ሲለካ፣ ከአንድ ሰው በቀን የሚወጣው 40 ግራም ያህል ነው፤ ከዚህ የመጸዳጃው ድርሻ 13 ግራም ብቻ ሲሆን፣ ከወጥ ቤት፣ ከልብስ እጥበትና ከገላ መታጠቢያ የሚወጣው 27 ግራም ሳይነካ ወደ ወንዝ ይፈስ ነበር። ስለዚህ አሮጌው ዓይነት ከመጸዳጃው ውሃ ሳይጣራ ከሚቀረው ጋር 32 ግራም ያህል ሲለቅ፣ ሁሉን የሚያጣራው 4 ግራም ያህል ብቻ ይለቃል። የጆካሶ ሕግ በ1983 (እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር) ታወጀ፤ ከ2001 ጀምሮም የመጸዳጃን ውሃ ብቻ የሚቀበለውን ዓይነት እንደ አዲስ መትከል ቆመ።

እኔ ግን ከመሣሪያው ይልቅ በሕግ የታሰረውን ጥበቃ አደንቃለሁ። ገንዳውን ቀብሮ መርሳት አይፈቀድም፤ የሙያ ፈቃድ ያለው ሰው በዓመት ደጋግሞ እየመጣ መንፊያውን ያዳምጣል፣ እንክብሉን ይተካል፣ የዝቃጩን ውፍረት ይለካል። የወጣውን ውሃ ደግሞ ከታችኛው ጫፉ የመስቀል ምልክት ባለበት ረጅም ብርሌ ውስጥ ቀድቶ፣ ከላይ አቀርቅሮ ይመለከታል፤ ውሃው ምን ያህል ቢጠልቅ መስቀሉ ጎልቶ እንደሚታይ አይቶ የጥራቱን ደረጃ ይፈርዳል። የሚጠበቀው መለኪያ፣ በዚያው በኦክሲጅን ልኬት፣ በአንድ ሊትር ከ20 ሚሊግራም የማይበልጥ እድፍ ነው።

ሌላ መርማሪ ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ የጠባቂውን ሥራ ጭምር ይመረምራል፤ ዝቃጩም ቢያንስ በየዓመቱ በመኪና ተመጥጦ ወደ ማከሚያ ይወሰዳል። የመትከያውን ወጪ መንግሥትና ማዘጋጃ ቤት በከፊል ሲያግዙ፣ የጥበቃውን ገንዘብ በአብዛኛው የሚከፍለው ባለቤቱ ነው፤ ይከፍላልም፣ ከግቢው የሚወጣው ቦይ ወደ ጎረቤቱ የሩዝ ማሳ ያልፋልና።