የጨረር ሕክምና በሕዋስ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እንዴት ይለካል?



ከአይሻ ተነሥቶ ለካንሰር የጨረር ሕክምና የሚጓዝ ሕመምተኛ አስቀድሞ የሚጠይቀን ጥያቄ ይህ ነው፤ «ሕክምናው በአንድ ቀን ተሰጥቶ ስለ ምን አያልቅም? ከቤተ ሰቤና ከፍየሎቼ ርቄ ብዙ ሳምንት የምቀመጠው ለምንድን ነው?» ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን የሚገኘው በዓይን በማይታየው በሕዋስ ውስጥ ስለ ሆነ፥ ሊቃውንት በዚያ የሚደርሰውን ጉዳት እንዴት እንደሚለኩት፥ ልኬቱም ምን እንደሚያስተምረን በዚህ ወር ጽሑፋችን ለማስረዳት ወደናል።

የሰው አካል የተሠራው ሕዋስ ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች ነው። በሕዋሱም እምብርት ውስጥ ዲ ኤን ኤ የሚባል፥ የሕዋሱን ሥራና መራባት የሚመራ ረጅም ክር ይገኛል። ከባቡር መሥመር ጋር የኖረው የአይሻ ሕዝብ ይህን ክር በሐዲድ ሊመስለው ይችላል፤ ይኸውም ሁለት ዘንጎች ጎን ለጎን ሄደው በአግዳሚዎች የተያያዙ፥ ነገር ግን እንደ ገመድ የተጠመዘዙ ናቸው። ጨረር ሲያልፍ ይህን ሐዲድ ይሰብራል። ከሁለቱ ዘንጎች አንዱ ብቻ ቢሰበር፥ ሕዋሱ ጤነኛውን ዘንግ እንደ መለኪያ አድርጎ በቶሎ ይጠግነዋል። ሁለቱ በአንድ ስፍራ ከተሰበሩ ግን ጥገናው ይከብዳል፤ ሳይጠገን የቀረ ሕዋስም ብዙውን ጊዜ ለመራባት ሲከፈል ይሞታል። የጨረር ሕክምና ካንሰርን የሚገድለው በተለይ በዚህ በሁለተኛው ስብራት ነው።

በሆስፒታል የሚሰጠው ጨረር ግሬይ በሚባል መለኪያ ይቆጠራል። አንድ ግሬይ ማለት አንድ ኪሎ ግራም የሚመዝን አካል አንድ ጁል የሚያህል ኃይል ሲቀበል ነው። ይህም መጠን በአንድ ሕዋስ ውስጥ 1,000 ያህል የአንድ ዘንግ ስብራትና ከ20 እስከ 40 የሚደርስ የሁለት ዘንግ ስብራት ያደርሳል። በተለመደው ሕክምና በቀን 2 ግሬይ ይሰጣል። ነገር ግን ግሬይ የሚነግረን አካሉ የተቀበለውን ኃይል ብቻ ነው፤ ሕዋሱ ምን ያህል እንደ ቈሰለና ምን ያህል እንደ ዳነ ለማወቅ ራሱን ሕዋሱን መመርመር ያስፈልጋል።

ለዚህ ምርመራ የሚያገለግለው አንደኛው ዘዴ የጅራታም ኮከብ ምርመራ ይባላል። ይህን ዘዴ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1984 ዓ.ም. ኦስትሊንግና ዮሃንሰን የተባሉ የስዊድን ሊቃውንት አስታወቁት፤ በ1988 ዓ.ም. ደግሞ ሲንግና ባልደረቦቹ የአንድ ዘንግ ስብራት ጭምር እንዲታይበት አሻሻሉት። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ከሕመምተኛው ጥቂት ደም ተወስዶ ሕዋሳቱ ሲበርድ ከሚረጋ ፈሳሽ ጋር ተቀላቅለው በመስተዋት ላይ ይፈስሳሉ። ቀጥሎም የሕዋሱ ሽፋን በጨውና በሳሙና መሰል ውሕድ ይሟሟና የኤሌክትሪክ ኃይል ይለቀቅበታል። ያልተሰበረው ዲ ኤን ኤ በስፍራው ይቀራል፤ የተሰበረው ግን ወደ ኤሌክትሪኩ አዎንታዊ ወገን ይሳባል። የሚያበራ ቀለም ተደርጎበት በአጉሊ መነጽር ሲታይ ራስና ጅራት ያለው ኮከብ ይመስላል። ስብራቱ ሲበዛ በጅራቱ ውስጥ ያለው ዲ ኤን ኤ ይበዛል፤ የሚለካውም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ዘዴ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ የታወቀ ነው። ሁለቱ ዘንጎች በተሰበሩበት ስፍራ ሕዋሱ ኤች ቱ ኤ ኤክስ በተባለው ፕሮቲን ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ጥገናው የሚፈለግበትን ቦታ ማመልከቱ ነው። ሊቃውንት በዚህ ምልክት ላይ የሚያበራ ቀለም ያሳርፉና ነጥቦቹን ይቆጥራሉ። ነጥቦቹ ከጨረሩ በኋላ በግማሽ ሰዓት ገደማ እጅግ ይበዛሉ፤ ከዚያም ሕዋሱ በጠገነ መጠን እየጠፉ ይሄዳሉ። በ24 ሰዓት ያልጠፉት ሳይጠገን የቀረውን ስብራት ያመለክታሉ።

እንግዲህ የጥያቄው መልስ በዚህ ይገኛል። ጤነኛው ሕዋስ አብዛኛውን ስብራት በአንድ ቀን ውስጥ ይጠግናል፤ የካንሰር ሕዋስ ግን ብዙ ጊዜ የጥገና ኃይሉ የተበላሸ ነው። ስለዚህ ጨረሩ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ሲሰጥ ጤነኛው እያገገመ፥ ካንሰሩ እየተዳከመ ይሄዳል። ሁሉም በአንድ ቀን ቢሰጥ ግን በዙሪያው ያለው ጤነኛ አካል ሊሸከመው በማይችለው መጠን ይጎዳ ነበር። በአንጻሩ ሕክምናው ከመካከል ቢቋረጥ የተረፉት የካንሰር ሕዋሳት ፋታ አግኝተው ይራባሉ። በማሕፀን በር ካንሰር ሕክምናው በጠቅላላ በ8 ሳምንት ውስጥ እንዲፈጸም የሚመከረው ስለዚህ ነው።

የተናገርናቸው ምርመራዎች ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ የሚታዘዙ አይደሉም፤ የሚያገለግሉት ከሁሉ ይልቅ ለምርምር ነው። ሊቃውንትም ጨረሩ እጅግ የሚበረታበትን ሰው አስቀድመው ለመለየት በእነዚህ መንገዶች ይደክማሉ።

በአገራችን የጨረር ሕክምና የተጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ኮባልት 60 በተባለው ንጥረ ነገር ተጀምሮ፥ ለሁለት ዐሥር ዓመታት ያህል ሕመምተኛ ሁሉ ወደዚያ አንድ ስፍራ ይጓዝ ነበር። ከዚያ ወዲህ በኤሌክትሪክ ጨረር የሚያመነጩ መሣሪያዎች በዚያው በጥቁር አንበሳና በጅማ ገብተዋል። ለአይሻ ሰው ግን መንገዱ አሁንም ረጅም ነው። ስለዚህ የሚከተለውን እንመክራለን።

አንደኛ፥ ሕመምተኛው ከመነሣቱ በፊት ሕክምናው ስንት ሳምንት እንደሚወስድ ጠይቆ፥ ስንቁንና ማደሪያውን ለዚያው ጊዜ ያዘጋጅ።

ሁለተኛ፥ ቆዳው ቢቀላ ወይም ድካም ቢሰማው ለሐኪሙ ይንገር እንጂ ሕክምናውን ትቶ አይመለስ።

ሦስተኛ፥ አማርኛ የማይሰማ ሕመምተኛ ሶማልኛ የሚያስተረጉምለት ሰው ይዞ ይሂድ፤ ትእዛዙን ሳይረዳ የቀረ ሰው ቀጠሮውን ማጓደሉ አይቀርምና።

አራተኛ፥ ከውጭ በመሣሪያ የሚሰጥ ጨረር በሰውየው አካል ውስጥ አይቀርም፤ ወደ ሌላም ሰው አይተላለፍም። ስለዚህ ቤተ ሰቡ ከእርሱ አይሽሽ፤ አብሮት ይብላ፥ ልጆቹንም ይቀፍ። በዚያ ረጅም ጊዜ ውስጥ ሕመምተኛው የቤተ ሰቡ አለኝታነት ያስፈልገዋል።