ከስሙ በፊት ዋቱ

ደብረ ታቦር ላይ «ካርድ» ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው የሞባይሉ ነው። በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ የሚሰካው፣ ምስል እያሰላ ወደ ስክሪን የሚልከው ግራፊክስ ካርድ የሚያሳስበው የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብረውን፣ ጌም ወዳዱንና የዩኒቨርሲቲውን ተማሪ ነው። የእነሱም ክርክር ሁሌ ከአንድ ቦታ ይነሳል፦ ኢንቪዲያ ወይስ ኤኤምዲ?

በክርክሩ ሁለት ዓይነት ስም ይደባለቃል። ቺፑን የሚነድፉት በዋናነት ሦስት ናቸው፦ እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተው ኢንቪዲያ፣ በ2006 የካናዳውን ኤቲአይ የገዛው ኤኤምዲ፣ በ2022 አርክ የተባለውን ይዞ የመጣው ኢንቴል። ካርቶኑ ላይ ጎልተው የሚታዩት አሱስ፣ ኤምኤስአይና ጊጋባይት ደግሞ ቺፑን ተቀብለው ሰሌዳና ማራገቢያ የሚያበጁለት ናቸው። ስለዚህ «አሱስ ነው» ያለ ሻጭ ገና ምንም አላለም።

አንድ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር እንክፈት፤ ቀጭኑ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7050 ይሁን። ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት 180 ዋት ይላል። ለካርድ የሚተርፍ ገመድ የለውም፤ ካርዱ የሚበላውን ሁሉ ከማዘርቦርዱ ማግኘት አለበት፣ የዚያም ጣሪያ 75 ዋት ነው። ቁመቱም ግማሽ መሆን አለበት። ብራንድ ሳይነሳ የገበያው አብዛኛው ዕቃ ወደቀ።

ከቀሩት የኤኤምዲው አርኤክስ 6400 ያጓጓል፤ የሚፈልገው 53 ዋት ብቻ ነው። ግን በአራት መስመር ብቻ የሚገናኝ፣ ለአራተኛው ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ የተሠራ ካርድ ስለሆነ፣ እዚህ ሦስተኛ ትውልድ ላይ ሲሰካ የመንገዱ ፍጥነት በግማሽ ይቀንስበታል። የባሰው ሌላ ነው፦ ቪዲዮ የሚጨምቅ ክፍል የለውም። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ሠርግ የሚደራረብበት አቀናባሪ ኤክስፖርት ሲያደርግ፣ ካርዱ ሥራውን ለፕሮሰሰሩ ትቶ ይቀመጣል። የኢንቴሉ አርክ በጭመቃ ጎበዝ ነው፤ ሆኖም ኩባንያው ራሱ የሚጠይቀው አሥረኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በኋላ የመጣ ፕሮሰሰር ሲሆን የዚህ ኮምፒውተር ገና ሰባተኛ ነው። ለዚህ ሳጥን ግማሽ ቁመቱ ጂቲኤክስ 1650፣ ማለትም ኢንቪዲያ፣ ይሻላል፤ እሱም 75 ዋቱን ጥርግ አድርጎ የሚበላ ነው። አርማው ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም፤ የዚያው የኢንቪዲያ ጂቲ 1030 ቪዲዮ አይጨምቅም።

የሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሚማር ተማሪ ኢንቪዲያ ይቀልለዋል፤ አብዛኛው መሣሪያ ኩዳ በተባለው ሥርዓቱ ላይ ተገንብቷልና። ሊኑክስ ለሚጠቀም ደግሞ የኤኤምዲ ድራይቨር ከሲስተሙ ጋር አብሮ ይመጣል። የኢንቪዲያው የዊንዶውስ ድራይቨር ከግማሽ ጊጋባይት በላይ ነው፤ በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ ይህ ቀላል ወጪ አይደለም።

ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ በዚያው ፍጥነት የሚሽከረከር ማራገቢያ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የደጋው ብርድ ቢክስም፣ ቦታ ያለው ሳጥን ካለ ባለ ሁለት ማራገቢያውን መምረጥ ነው።

ያገለገለ ካርድ ሲገዛ ሌላ አደጋ አለ፦ አሮጌ ቺፕ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ተብሎ ይሸጣል፤ ኮምፒውተሩም ተታልሎ ይህንኑ ስም ያሳያል። ጂፒዩ-ዜድ የተባለው ትንሽ ነፃ ፕሮግራም ብዙዎቹን ያጋልጣል። በፍላሽ ይዞ ሄዶ፣ ብር ሳይቆጠር፣ እዚያው ሰክቶ ማስከፈት ነው። ሻጩ «መብራት የለም» ካለ፣ መብራቱ እስኪመጣ ቡና ይጠጣል።