ተጨማሪ መረጃ፦ ጥይቱ ከየት መጣ?
የተኩስ ወንጀል የተፈጸመበትን ሁኔታ መልሶ ለማሳየት የሚሠለጥን መርማሪ ከሁሉ አስቀድሞ መማር ያለበት የራሱን ስሕተት ልክ ነው። በግድግዳ ላይ በተገኘ የጥይት ቀዳዳ ቀጭን ዘንግ ያስገባል፤ የዘንጉንም አቅጣጫ በክር ወይም በሌዘር ወደ ኋላ ያራዝማል። ዘንጉ 5 ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል መስመሩ በ10 ሜትር ርቀት ላይ 87 ሴንቲ ሜትር ያህል ይስታል። ይህ ልዩነት ተኳሹ ቆሞ ነበር ወይስ ተንበርክኮ የሚለውን፣ አንዳንዴም ሕጋዊ መከላከልን ከግድያ የሚለየውን ጥያቄ ያፋልሳል። ስለዚህ ትክክለኛው መልስ አንድ መስመር ሳይሆን እየራቀ ሲሄድ የሚሰፋ ክልል ነው።

የሌዘር ስካነር ችግሩን ፈትቶታል የሚሉ አሉ። ስካነሩ የቀዳዳውን ቦታ በትክክል ይለካል እንጂ ጥይቱ ቆርቆሮ ወይም ጣውላ ሲበሳ አቅጣጫ መቀየሩን አያስቀርም። ፍርድ ቤት ቁርጥ ያለ ቃል ይፈልጋል የሚለው ተቃውሞ ግን ክብደት አለው፤ ሆኖም ቁርጥ ያለ ቃል የማይሆነውን በማስወገድም ይገኛል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1929 በቺካጎ 7 ሰዎች ሲገደሉ ከገዳዮቹ አንዳንዶቹ የፖሊስ ልብስ ለብሰው ስለነበር ጥርጣሬው በፖሊስ ላይ ወደቀ። የጦር መሣሪያ መርማሪው ካልቪን ጎዳርድ ከቦታው የተሰበሰቡትን ቀለሃዎች መርምሮ በሁለት ቶምፕሰን መትረየሶች መተኮሳቸውን ለየ፤ የፖሊስን መሣሪያዎች ተኩሶ በማነጻጸርም ፖሊሶቹን ከጥርጣሬ አወጣ። ሥልጠናውም በዚሁ መንፈስ ይሁን፦ አሠልጣኙ እሱ ብቻ ከሚያውቀው ቦታ በመኪና በርና በግድግዳ ላይ ይተኩስ፤ ሠልጣኙ አስልቶ ክልሉን ያስምር፤ ውጤቱም ከእውነተኛው ቦታ ጋር ይመሳከር። ይህን ፈተና ደጋግሞ ያላለፈ መርማሪ በባለሙያነት ሊመሰክር አይገባም።