በሸክላማ አፈር ላይ የተራቆተውን የግቢ ሣር ስለማደስ

በጌዴኦ ዞን እንደ ባንኮ ጎቲቲ ባሉ ዝናባማ ቀበሌዎች የመኖሪያም ሆነ የትምህርት ቤት ግቢ ሣር በቅድሚያ የሚራቆተው በመተላለፊያው ላይ ነው። ቦታው ተዳፋት ሲሆን ጎርፉ ለም አፈሩን ይጠርገዋል፤ ሕፃናትም ያዳልጣቸዋል። መንሥኤው የአፈሩ መጠቅጠቅ እንጂ የሣሩ ድክመት አይደለም፤ እርጥብ ሸክላ በተረገጠ ቁጥር አየርና ውሃ የሚያልፉበት ቀዳዳ ይደፈናል። ሰው ሠራሽ የሣር ምንጣፍ እንኳ ያለ ጠጠር ንጣፍ ቢዘረጋበት ውሃ ያቁራል።

ስለሆነም አፈሩ ጭቃነቱን ሲተው፣ ነገር ግን ሳይደርቅ፣ እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ተቆፍሮ የበሰበሰ ፍግ ወይም የቡና ገለባ ብስባሽ ይቀላቀልበታል። ጥቂት አሸዋ መጨመር ሸክላውን ይበልጥ ሊያጠጥረው ስለሚችል አይመከርም። የሰርዶ ሐረግ በበልግ ዝናብ መግቢያ ይተከላል፤ ሥር እስኪሰድም አይረገጥም። ሰርዶ ግን በቡናና በእንሰት ማሳ ውስጥ አስቸጋሪ አረም ስለሆነ ዳርቻው ዘወትር መመንጠር አለበት። ዕለት ዕለት በሚረገጠው መንገድ ላይ ድንጋይ ማንጠፍ ይሻላል።